ከአሎሎ ወርዋሪዋ የደበቅነው

ንግሥት ብዬ የምጽፋት ሴት ስሟ ንግሥት አይደለም። እሷ ግን ራሷን ታውቃለች፤ ኦክላንድ ካለነው ሐበሾች ግማሹም ያውቃታል። የቀረው ባያውቃት ግድ የለኝም። ለዓመታት ዝም ብያለሁ። ዝምታዬን እንደ ይቅርታ የቆጠሩት ሰዎች ስለበዙ ነው አሁን የምጽፈው።

ያን ጊዜ ስልሳዎቹን አጋምሼ ነበር። ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለች ጠባብ አፓርታማ ብቻዬን እኖራለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጅ አለኝ፣ ሳሚ፣ ወደቡ ላይ ትራክ ይነዳል። በሱዳን በኩል ወጥቼ እዚህ ከደረስኩ ጀምሮ ያልሠራሁት የለም፤ ሆቴል አጽድቻለሁ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ቆርጫለሁ፣ በመጨረሻ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ላይ ወደቅሁ። ሥራውን በሚያከፋፍለው ድርጅት ውስጥ ስኬጁል የምታወጣው፣ ማን መቼ የት እንደሚሠራ የምትመድበው፣ ንግሥት ናት። የባለቤቴ እህት ናት። በዲቪ ስትመጣ የተቀበልኳት እኔ ነኝ፤ እንግሊዝኛዋን ያስተካከለችው ሶፋዬ ላይ እያደረች ነው። አሁን «ሺፍት አለ ወይ?» እያልኩ የምለምናት እኔ ነኝ።

የወንድሜንም ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም። ደረጀ አዲስ አበባ በኩላሊት ታሞ ነበር። በደወልኩ ቁጥር «ተሽሎታል፣ አሁን ተኝቷል፣ አትጨነቂ» ይሉኛል። ልሄድ ተነሥቼ፣ ከተሻለውማ ለገና ይሁን ብዬ አቆየሁት። አንድ እሑድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድስት ይዘው ቆመዋል። ከፊት ንግሥት። ደረጀ ከተቀበረ ወራት አልፈውታል። እኔ በእነዚያ ወራት ለሞተ ሰው በመንገደኛ መድኃኒት እልክ ነበር። ከመሞቱ በፊት «እህቴን አስካለን አገናኙኝ» እያለ ሲጠይቅ እንደነበር የሰማሁት ደግሞ ከለቅሶው በኋላ፣ አፉን መግታት ካልቻለ አንድ ዘመድ ነው። ማን ከለከለው ብዬ ብጠይቅ፣ ንግሥት ናት አሉኝ። «ብቻዋን ናት፣ የደም ግፊት አለባት፣ ሥራ ላይ ሆና ብትሰማ ትወድቃለች» ብላ።

ወጉን አላጣሁትም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ማለዳ ይመረጣል። የሰማ ሰው ቀኑን ሙሉ አፉ እህል ስለማይገባ፣ ከተቻለ አስቀድሞ እንዲቀምስ ይደረጋል። እናቴ ስታደርገው አይቼ ነው ያደግሁት። ለሞተ ሰው ነው ግን። ላልሞተ ሰው ወጉ ምን እንደሚል የነገረኝ የለም።

ያን ጊዜ የምንከባከባት አሮጊት ሎሬ ትባላለች፤ ሳን ሆዜ ነበር ቤቷ። ከዓርብ እስከ እሑድ እሷ ዘንድ አድራለሁ። ሰባ አምስት ዓመት አልፏት በምርኩዝ ጋሪ እየተደገፈች ብትሄድም፣ በር ላይ ስትቆም በሩ ይጠባል። እጇ የእኔን ሁለቱን እጆች ይውጣል። «ሚስስ» ስላት ተቆጥታ በስሜ ጥሪኝ ስላለችኝ እንደዚያው እጽፋታለሁ። እኔ በባሕርዬ ወሬ አላበዛም። እሷም አታበዛም። ስለዚህ ተስማማን። ታሪኳን በየሳምንቱ ቁራጭ ቁራጩን እየነገረችኝ ነው ያያዝኩት።

አባቷ ምሥራቅ ጀርመን ይባል በነበረው አገር የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ትምህርት ቤቷ ድረስ ሰዎች መጥተው የልጆቹን ክንድና ትከሻ ለኩ። እሷ ተመረጠች፤ ወላጆቿ ኮርተው ወደ ስፖርት አዳሪ ትምህርት ቤት ሸኟት። አሎሎ የጉልበት ብቻ ነገር እንዳይመስልሽ ትለኛለች። ብረቱ መዳፍ አይነካም፤ ጣቶቹ ሥር ነው የሚያርፈው። ከአንገት ሥር ይለጠፋል፣ ከዚያ የሚወረውረው ክንድ ሳይሆን እግር ነው። አሠልጣኙ ከልምምድ በፊት ሰማያዊ ክኒን ያድላቸዋል። ቫይታሚን ነው ይላቸዋል። ፊታቸው ቆሞ እስኪውጡ ይጠብቃል፣ ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ያሳዩታል።

ውርወራዋ እየራቀ ሄደ። ድምፅዋም እየወፈረ ሄደ፤ አንድ ቀን ቤት ስትደውል እናቷ «ማን ልበል?» አለቻት። በአውሮፓ ውድድር ሁለተኛ ወጣች፤ ፎቶዋ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ መኪና ለመግዛት የሚጠበቀው ወረፋ ለእሷ አጠረ። ሃያ ስድስት ሳይሞላት ወገቧ አለቀ። አበባ ሰጥተው አሰናበቷት። ሁለት ፅንስ ወረዳት፤ ልጇ ቶማስ የተወለደው በሦስተኛው ነው። ክኒኑ የወንድ ሆርሞን መሆኑን ያመነችው የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ፣ ሐኪሞቹ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ቴሌቪዥን ላይ አይታ ነው።

«ሐኪሙ ያውቃል፣ አሠልጣኙ ያውቃል፣ ወጥ ቤት ያለችው ሴትዮ እንኳ ሳታውቅ አትቀርም» አለችኝ። «ስለ ሰውነቴ የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።»

ቅዳሜ ጧት፣ በጀርመን ደግሞ ማምሻው ላይ፣ ኤልከ የምትባል ጓደኛዋ ትደውልላታለች። አብረው ወርውረዋል፣ አንድ ክፍል አድረዋል። ሲያወሩ ሎሬ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ታዞራለች፣ እኔም ወጥቼ ልብስ አጥባለሁ። ከሳቃቸው በቀር አንዱም ቃል አይገባኝም።

አንድ ቅዳሜ ግን ስልኩ አልጮኸም። የጮኸው የእኔ ነው። ቶማስ ነበር፤ ፕሌዘንተን ነው የሚኖረው፣ ቢሮ ነው የሚሠራው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ወደ ጓሮ እንድወጣ ጠየቀኝ። ኤልከ ሆስፒታል ናት አለ። ካንሰሩ ጉበቷ ገብቷል፣ ለማንም ሳትናገር ቆይታ ነው፤ የእህቷ ልጅ እንደነገረችው ነገን መድረሷም ያጠራጥራል። እናቱ ደግሞ ረቡዕ የልብ ቀዶ ጥገና አለባት። ሐኪሙ አትረበሽ ብሏል።

«እስከ ረቡዕ አትንገሪያት» አለኝ። «ከጠየቀችሽ አንድ ነገር በያት። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

እሺ አልኩት። ምን ልበል? ሥራዬ እሺ ማለት ነው።

ስመለስ ሎሬ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ኤልከ ለምን እንዳልደወለች ጠየቀችኝ፣ እንግዳ መጥቶባት ይሆናል አልኩ። ኤልከ እንግዳ አትወድም አለች። ራሷ ደወለች፤ የሚያነሣ የለም። መስመሩ ይሆናል አልኩ። ድምፄን ራሴው ሰማሁት፤ ለእኔ «ተኝቷል፣ ተሽሎታል» ሲሉኝ የነበረው ድምፅ ነበር።

ጋራዥ ገብቼ ለንግሥት ደወልኩ። ለሥራው ስል እንጂ ምክሯን ፈልጌ አይደለም፤ ችግር ሲኖር ሪፖርት አድርጉ ተብለናል። ነገሩን ስነግራት ልጁን አመሰገነች።

«እትዬ አስካለ፣ ፋሚሊው ያለውን ነው የሚያደርጉት። ደግሞ እኮ ልክ ነው፣ ልክ እንደ እኛ። ፈረንጅ እንዲህ ሲያስብ አይቼ አላውቅም።»

«ሴትዮዋ አልሞተችም» አልኳት። «ድምፅዋን ልትሰማት ትችላለች።»

«ሰምታስ? ልቧ ቢቆም ማን ይጠየቃል? ካምፓኒው ነው። እርስዎ ደግሞ ይሄን ነገር ከሌላ ነገር ጋር አያገናኙት።»

«ከምን ጋር?»

«ያኔም ለርስዎ ብዬ ነው» አለች። «ዛሬም ቢሆን አደርገው ነበር።»

ስልኩን ዘጋሁ። እንዲህ ያለችኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት አንሥተነው አናውቅም። የጋራዡ ወለል ላይ ካለ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብነግራት ሥራዬን አጣለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ሌላ ቤት ሌላ ሽማግሌ መልመድ አልፈልግም። ልቧ ቢቆም ደግሞ ገደልኳት ማለት ነው። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም። በዚህ አገር ያላየሁት ነገር ቢኖር፣ ዝም በማለቱ የተጠየቀ ሰው ነው።

ገብቼ የድንች ሾርባ ሠራሁ። ሎሬ አልርበኝም አለች። ከዚያ ሳልጠይቃት ስለ ኤልከ ማውራት ጀመረች፤ ልብ ብላችሁ ስሙት፣ ነገሩ ሁሉ ይሄ ነው። ኤልከ በልጅነታቸው ሐኪሙን ይሄ ክኒን ምንድነው ብላ ጠየቀች። በዚያው በጋ ከቡድኑ ወጣች። ዕቃዋን ስትሰበስብ ሎሬን መታጠቢያ ቤት ጠርታ፣ ውኃውን ከፍታ፣ «ቫይታሚን አይደለም፤ አትዋጪው» አለቻት።

«አላመንኳትም» አለች ሎሬ። «እኔ ስለምበልጣት ቀንታ ነው አልኩ። ለዓመታት ዋጥኩት። ሁሉ ነገር ከወጣ በኋላ ፈልጋ ያገኘችኝ እሷ ናት፤ አንድም ቀን ነግሬሽ ነበር ብላኝ አታውቅም። እኔም አንቺ ልክ ነበርሽ ብያት አላውቅም። ስለ አየሩ እናወራለን። ስለ ድመቷ እናወራለን።» ስልኩን ገለበጠችው። «ዛሬ ልላት ነበር። ረቡዕ ደረቴን ሊከፍቱት ነው፤ ከዚያ በፊት ብዬ።»

ያን ጊዜ ቆረጥኩ። መቁረጤን ግን እንደ አገሬ ሰው ነው የጀመርኩት። ሾርባውን ፊቷ አስቀመጥኩና መጀመሪያ ብዪ አልኳት። አልፈልግም አለች። ብዪና አንድ ነገር እነግርሻለሁ አልኳት። ማንኪያውን አንሥታ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል መብላት ጀመረች። እኔ ጨርቅ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። አንድ ጊዜ ዋጠች፣ ሌላ ጊዜ ዋጠች። ሳህኑ ሲያልቅ ገፋ አደረገችው።

«ፊቴ ቆሞ እስክውጥ የጠበቀኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም» አለችኝ። «አፌንም ልክፈትልሽ?»

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ። ይህን ያህል የገባኝ ስድብ የለም። እናቴ ለሰው ስታዝን የምታደርገውን ነበር ያደረግሁት፤ ለእሷ ግን አሠልጣኟን ሆኜ ታየኋት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ኤልከ ሆስፒታል ናት» አልኳት። «እየሞተች ነው። አሁን ግን አለች።»

አልጮኸችም። እጇን ደረቷ ላይም አላደረገችም፤ እኔ ግን ደረቷን ነበር የማየው።

«ማን ያውቃል?»

«ልጅሽ።»

«አንቺስ?»

«ከጧት ጀምሮ።»

ራሷን ነቀነቀች። ስልክሽን ስጪኝ አለች። የኤልከ የእህት ልጅ ቁጥር ቶማስ ጋ ብቻ ነው ያለው። በእኔ ስልክ ስለደወለችለት እኔ መስዬው ምን ሆነች ብሎ ሲጮህ እኔም ሰማሁት። «ምንም አልሆንኩም። ቁጥሩን ንገረኝ» አለችው በእንግሊዝኛ፣ እኔ እንድሰማ መሰለኝ። ሊያስረዳት ሞከረ። እሷ ያንኑ ደገመች። ሦስተኛ ስትደግመው ቁጥሩን ተናገረ፤ እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው፣ እኔ በእሷ ስልክ መታሁት።

ስልኩ ለረጅም ጊዜ ጠራ። እዚያ መሽቷል። ተስፋ ቆርጬ ልዘጋው ስል አንዲት ሴት በሹክሹክታ አነሣች። ከሎሬ ጋር ትንሽ ተነጋገሩ። ሎሬ ስልኩን በእጇ ሸፍና፣ መናገር አትችልም፣ ጆሮዋ ላይ ግን ይዘውላታል አለችኝ። ልወጣ ስነሣ ቀሚሴን ያዘችኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የተናገረችው ብዙ አልነበረም። ጀርመንኛ አላውቅም፣ ግን አንድ ነገር ሁለቴ ስትል ሰማኋት፤ በኋላ ስትነግረኝ «ልክ ነበርሽ» ነው ያለችው። ከዚያ አዳመጠች። ከወዲያ በኩል የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር፣ እንደ ደከመ በግ። ሎሬ ጋሪዋን ተደግፋ ተነሣች። አሎሎ የሚወረውር ሰው ብረቱ ከእጁ ሲለቅ ይጮኻል፤ ያንን ጩኸት ስልኩ ውስጥ ጮኸችው። መስኮቱ የነዘረ መሰለኝ። እኔ ልቧ ፈነዳ ብዬ ዘልዬ ተነሣሁ። እሷ ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ጠበቀች። ከዚያ ማዶ አንድ ድምፅ መጣ፤ ጩኸት ልለው አልችልም፣ ሲቃ የመሰለ ነገር ነው። ሎሬ ተቀመጠች። እንባዋ አገጯ ላይ ወርዶ ልብሷ ላይ ሲንጠባጠብ አላበሰችውም።

ቶማስ ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። በሩን ሳያንኳኳ ገብቶ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው።

«ብትሞትብኝስ?» አለኝ። «ይሄን አስበሽዋል?»

«አስቤዋለሁ» አልኩት።

እናቱ ተቀመጥ አለችው። አልቀመጥም አለ። ሃምሳ ዓመት የተጠጋ ሰው ነው፣ እንደ ልጅ ነበር የቆመው። ለራሷ ብሎ እንዳደረገው ነገራት። እሷም «እነሱም እንደዚያ ነበር የሚሉኝ፤ ለራስሽ ነው» አለችው፣ ሳትቆጣ፣ እንደ ደከመው ሰው። ያን ጊዜ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሊጎዳት እንዳልፈለገ ሁላችንም እናውቃለን። ንግሥትም ልትጎዳኝ እንዳልፈለገች አውቃለሁ። ስለማውቅ ቂሜ አልቀነሰም።

ኤልከ በማግስቱ አረፈች። ሰኞ ንግሥት ደውላ ከስኬጁል እንዳወጣችኝ ነገረችኝ። ክላየንቱ፣ ደንበኛው ማለቷ ነው፣ ሳይሆን ካምፓኒው ነው የወሰነው አለች፤ ካምፓኒው ማለት እሷ ናት። አልተከራከርኳትም። የረቡዕ ዕለቱን ቀዶ ጥገና ውጤት የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ሆስፒታል ብደውል ዘመድ ነሽ ወይ አሉኝ። እስከ ዓርብ አልተኛሁም፤ የወንድሜን ሞት ካወቅሁበት ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ዓርብ ማታ ከቶማስ አጭር ቴክስት መጣ። ደህና ናት፣ ትጠይቂያታለሽ ወይ ይላል። ሄጄ ጠየቅኋት። አሁንም አልፎ አልፎ እሄዳለሁ፤ ያለ ሥራ፣ እንደ ሰው።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ጀግና ነኝ ለማለት አይደለም። ሎሬ ተርፋለች፤ ባትተርፍ ይሄን ጽሑፍ ስለ እኔ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነበር። እናንተ የምታነቡት፣ አሁን ከማን ምን እየደበቃችሁ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ከእኛ መካከል ምንም የማይደብቅ ቤት ያለ አይመስለኝም።

እኔ የወሰንኩት ለራሴ ነው። በሌላው ሳምንት ሳሚ ወደቡ አጠገብ ለጭነት ተሰልፎ ሳለ ምሳ ወሰድኩለትና ትራኩ ላይ ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዛሬ ጀምሮ የእኔ የሆነ ሰው ቢታመም፣ ቢሞት፣ በሰማህበት ሰዓት ንገረኝ አልኩት። በስልክም ይሁን፣ ገበያ መሃልም ይሁን። ሰው እስኪሰበሰብ አትጠብቅ።

ማኘኩን አቆመ። ሬዲዮውን ዘጋው።

«ማሚ፣ ሹር ነሽ?»

«አዎ።»

«ኦኬ። እትዬ ዘርፌ... ሺ ፓስት፣ ሞተች። ፋሲካ ሰሞን። ኦንቲ ንግሥት አትንገራት አለችኝ። አይም ሶ ሶሪ።»

ዘርፌ ከእናቴ ጋር ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ጆሮዋ ስለማይሰማ ስልክ ላይ አትቀርብም ነበር፤ ለመደበቅ የተመቸች። ስጠይቅ «ደከም ብላለች፣ ሰላም ትልሻለች» ይሉኝ ነበር። ከፊታችን መኪኖቹ ተንቀሳቀሱ፣ ከኋላ ጥሩምባ ነፉብን። ልጄ «ነፍስ ይማር» ማለት አያውቅበትም። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ትከሻዬ ላይ አደረገው።

እንደጠየቅሁት ተነገረኝ። ግን አልዋሻችሁም፤ በዚያች ሰዓት፣ ከትራኩ ወንበር ላይ እግሬ መሬት ሳይነካ ተቀምጬ ሳለቅስ፣ የሚይዘኝ ሰው ፈለግሁ። ብዙ ሰው፣ የሚያለቅስ፣ አማርኛ የሚችል። ወጉን ያወጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። የተሳሳቱት ቅደም ተከተሉን ነው፤ ሰው ይሰብሰብ፣ ግን ባለሐዘኗ ካወቀች በኋላ ይሰብሰብ።

«ለንግሥት ደውልላት» አልኩት ሳሚን። «ሰዎቹን ይዛ ትምጣ። እናቴ አውቃለች በላት።»

በዚያው ቀን መጣች። ከአጠገቤ ተቀምጣ ከእኔ የበለጠ አለቀሰች፤ ዘርፌን በሕይወቷ አይታት አታውቅም። አልከለከልኳትም። እስካሁን አልታረቅንም።